ከኢንጂነሪንግ ግቢው ሩዝ ቤቱ ይሻለኛል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ታይላንድ የወንድ ለወንድ ፍቅር ድራማዎች ሁለት አንቀጽ ብጽፍ የደብዳቤ ናዳ ወረደብኝ። ተመልካቾቹ በአጭሩ «ቢኤል» ይሏቸዋል። ግማሹ ሰው «ከየት ልጀምር?» ይላል። ግማሹ ይቆጣል። ሁሉንም ቀላቅዬ እመልሳለሁ። ሃያሲ አይደለሁም፤ ማታ ልጆቼ ሲተኙ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የማይ ሴት ነኝ። ዓመቶቹንም፣ ወሮቹንም፣ ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። «ቱጌዘር»ን ቅዳሜና እሑድ ሳልነሳ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ የከፈትኩት ሁሉ እሱኑ መሰለኝ። አንድ ብቻ ምረጪልኝ። (ከሽቱትጋርት)

መልስ፦ «ሙንላይት ቺክን»። የ2023 ሥራ ነው፤ ስምንት ክፍል ብቻ። ፓታያ ከተማ ውስጥ ጂም የሚባል ጎልማሳ ማታ ማታ የሚከፈት ትንሽ ምግብ ቤት አለው። የሚሸጠው ካኦ ማን ጋይ ነው፤ በዶሮ መረቅ የበሰለ ሩዝ፣ ላዩ ላይ ተቆራርጦ የተደረደረ ዶሮ። ቤቱ ኪራይ ነው። የእህቱን ልጅ እሱ ነው የሚያኖረው። ልጁ ደግሞ ሐሳቡ ሁሉ አሜሪካ ሄዶ መሥራት ነው። አንድ ሌሊት አንድ የሰከረ ደንበኛ ይመጣል፣ ታሪኩም ይጀመራል።

እኔን የያዘኝ ግን ዋናው ፍቅር አይደለም። የእህቱ ልጅ መስማት ከተሳነው ወጣት ጋር ይተዋወቃል። የወጣቱ ወላጆች ሀብታም ናቸው። ትልቅ ቤት አላቸው። የልጃቸውን የምልክት ቋንቋ ግን አልተማሩም። የሩዝ ቤቱ ልጅ ተማረ። እዚያ ላይ ሶፋዬን ትቼ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

የዚህን ድራማ ነገር ልንገርሽ። ሰዎቹ ሥራ አላቸው። ዶሮ ይቆርጣሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፣ ስለ ኪራይ ይጨነቃሉ። ፍቅሩ በተረፈቻቸው ሰዓት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሲመጣ ታምኚዋለሽ። እኔ ቢኤል የምመዝነው በዚህ ነው፤ ልጆቹ ሥራና ሰፈር አላቸው ወይስ የላቸውም?

ሁለተኛ ከፈለግሽ የዚያው ዳይሬክተር ሌላ ሥራ አለ። ሰውየው ኖፓርናች ቻይዊሞል ይባላል፤ አድናቂዎቹ የሚያውቁት በቅጽል ስሙ ባካኦፍ ነው። ድራማው የ2021ዱ «ኤ ቴል ኦፍ ታውዘንድ ስታርስ» ነው። ቲያን የተባለ የባንኮክ ሀብታም ልጅ የልብ ንቅለ ተከላ ይደረግለታል። ልቡ በአደጋ የሞተች የበጎ ፈቃድ መምህርት ልብ ነው። ልጁ የመምህርቷን ማስታወሻ ያነብና እሷ ታስተምር ወደነበረበት ተራራማ መንደር ይሄዳል። ውሃ መቅዳትና እሳት ማንደድ የማያውቅ ቅምጥል! መንደርተኞቹ ሻይ ቅጠል ለቅመው ይሸጣሉ፤ ነጋዴው ያታልላቸዋል። የደን ጠባቂዎቹ አለቃ ደግሞ ቆፍጣናና ፊቱን ያጨማደደ ነው። የቀረውን ገምቺ። ብትገምቺም እዪው።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እነዚህ ልጆች ለምንድን ነው ሁሌም ኢንጂነሪንግ የሚማሩት? ለፍቅርስ ጊዜ ከየት አገኙ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ ሳቄ መጣ። ጥያቄህ ግን የቁም ነገር ነው።

ጥፋቱን በ«ሶተስ» አሳብብ። በ2016 የተጀመረ ድራማ ነው። ኮንግፖብ ፍሬሽ ነው፤ አርቲት ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ሆኖ ፍሬሾችን የሚያስጨንቁት ሲኒየሮች አለቃ ነው። አሰልፎ ይጮህባቸዋል፣ ያስሮጣቸዋል። የፋኩልቲው ምልክት የጥርስ ጎማ (የማሽን ማርሽ) ነው፤ ፍሬሾቹ ያንን በመከራ ነው የሚያገኙት። መጀመሪያው ክፍል ላይ ኮንግፖብ በሰው ፊት ምን ይለዋል? ባልና ሚስት ንብረታቸው አንድ ነውና፣ አንተን ሚስቴ ካደረግሁህ የአንተ ጥርስ ጎማ የእኔ ይሆናል! ድራማው በጣም ተወደደ። ከዚያ ወዲያ ሌላውም ሁሉ ያንኑ ግቢ፣ ያንኑ ሸሚዝ፣ ያንኑ ቁጡ ሲኒየር ይዞ መጣ።

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቹ ታሪኮች መጀመሪያ በኢንተርኔት በክፍል በክፍል የወጡ ልብ ወለዶች ናቸው። ከጸሐፊዎቹ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። የ2014ቱ «ላቭ ሲክ» ራሱ የመጣው እንዲህ ነው፤ የዛሬውን ጎርፍ የከፈተውም እሱ ነው። ወጣት ሰው የሚጽፈው ስለሚያውቀው ነው። የሚያውቀው ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ዶርምና ካፌ ነው። ለአዘጋጁም ሳይመች አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ዩኒፎርም፣ አለቀ።

ፈተና ሲፈተኑ ያየሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። አንተም እንዳታምናቸው።

ከኢንጂነሪንግ ካልወጣሁ ካልክ «ባድ ባዲ»ን ያዝ። በ2021 መጨረሻ ጀምሮ ጥር 2022 ላይ ያለቀ ነው። ፓት ኢንጂነሪንግ፣ ፕራን አርክቴክቸር ነው። ሁለቱ ፋኩልቲዎች ይደባደባሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆነው የማይነጋገሩ ባላንጦች ናቸው። ይህ ድራማ የሚጣፍጠው የቀደሙትን ድራማዎች ልማድ እያወቀ ስለሚያሾፍባቸው ነው። «ከሁለታችን ሚስት ማነው?» የሚለውን ጨዋታ አንስቶ ይስቅበታል። እኔም ያ ጥያቄ ሲነሳ ሁሌም ያናድደኛል። ሁለት ወንዶች ናቸው፤ ሚስት የለችም፤ ጉዳዩ አለቀ።

ጥያቄ፦ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ልንጣላ ነው። እሷ «ሁለቱ ተዋንያን በእውነትም ፍቅረኛሞች ናቸው» ትላለች። እኔ «ሥራ ነው» እላለሁ። ፍረጂን። (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ትረቺያለሽ። ጓደኛሽን ግን አትቆጫት። እንድታምን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው ያመነችው።

ታይላንድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥንድ «ኩ ጂን» ይባላል፤ አድናቂው በሐሳቡ ያጋባቸው ማለት ነው። ኩባንያው ሁለት ወጣቶችን ያጣምራል፣ ከአንድ ድራማ ወደ ሌላው አብረው ይወስዳቸዋል። አድናቂዎች ስማቸውን ያጋጥሙታል። ኧርዝና ሚክስ «ኧርዝሚክስ» ይሆናሉ፤ ኦፍና ጋን «ኦፍጋን» ይሆናሉ። ከዚያ የአድናቂዎች ዝግጅት አለ፤ ትኬት ይቆረጣል። መድረክ ላይ ይተቃቀፋሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል። የክሬም ማስታወቂያ አብረው፣ የመጽሔት ሽፋን አብረው። «እውነት ይሆን እንዴ?» የሚለው ጥርጣሬ ራሱ ሸቀጥ ሆነ።

እኔ ይሄን ነገር አልወደውም። በግልጽ ልናገር። ተዋናዩ ከአንዲት ሴት ጋር እራት ሲበላ ታየ ተብሎ ይቅርታ እስኪጠይቅ የሚወገርበት ጊዜ አለ። ምን አጠፋ? ራበው፣ በላ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ የራሱን ኑሮ ደብቆ የሌላ ሰው ሕልም ሲጠብቅ ማየት ያሳዝነኛል። ለኪነ ጥበቡም አይበጅም። ሁለት ሰዎች በስድስተኛ ሥራቸውም እርስ በርስ ብቻ ከተዋደዱ ምን አዲስ ነገር አለው?

ግን ፍትሕ ልስጥ። ኧርዝና ሚክስ በተራራው መንደርም በሩዝ ቤቱም የተጫወቱት ያው ሁለቱ ናቸው። መንደሩ ውስጥ የነበረውን መኮሳተርና መሽኮርመም ሩዝ ቤቱ ውስጥ አታገኚውም። ጥንድነት ክፉ የማይሆነው እንዲህ ሲሠራበት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህ ከባህላችንም ከሃይማኖታችንም ውጭ ነው። መጽሔቱ ስለምን ቦታ ይሰጠዋል? (አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን በአክብሮት አንብቤያለሁ። እርስዎ የሚያምኑበትን እንዲተዉ አልጠይቅዎትም። የዚህ አምድ ሥራ ግን ሰዎች በእርግጥ ስለሚያዩት ነገር መነጋገር ነው። ደብዳቤዎቹ የሚነግሩኝ ይኸው ነው፤ ያያሉ። ገጹን መግለጥም ማለፍም የእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ላጫውትዎ። «አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ» የሚባል የ2020 ድራማ አለ። አምስት ክፍል ነው፤ ፑኬት ውስጥ የተሠራ። ልጁ ቴ ይባላል። እናቱ ኑድል ሸጣ ነው ያሳደገችው። ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቀና እንዲያደርጋት ትጠብቃለች። ልጁ ያልፋል። ከዚያ ያገኘውን ቦታ ይለቃል፤ ቀጣዩ ተጠባባቂ የሚወደው ጓደኛው ስለሆነ፣ እሱ ይግባ ብሎ። ነገሩ እናትየው ጆሮ ሲደርስ የሚሆነውን ያዩ እንደሆነ፣ ድራማው ማንን እንደሚያከብር ይገባዎታል። እኔ በዚያ ትዕይንት ያለቀስኩት ለእናትየው ነው። ልጁ እጄ ቢገባ በኩርኩም ነበር የምለው።

ጥያቄ፦ «ታርንታይፕ» ምርጥ ነው ብለው ሁሉም ነገሩኝ። ሁለት ክፍል አይቼ ዘጋሁት። ችግሩ ከእኔ ነው? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ከአንቺ አይደለም። የ2019 ድራማ ነው፤ ዝናውም ትልቅ ነው። ታይፕ በልጅነቱ በአንድ ወንድ ተደፍሯል፤ ስለዚህ ወንድ የሚወዱ ወንዶችን ይጠላል። የዶርም ጓደኛው ታርን ደግሞ ከእነሱ አንዱ ነው። እስከዚህ ድረስ ከባድና ጥሩ ታሪክ ነው። ከዚያ ታርን ሊበቀለው ብሎ ተኝቶ ሳለ ይነካካዋል። ድራማው ይህን እንደ ቀልድና እንደ ፍቅር መጀመሪያ ያልፈዋል። የተጎዳ ልጅ ላይ! ተዋንያኑ ሚውና ጋልፍ ጎበዞች ናቸው፤ እነሱን ለማየት ብለው የሚታገሱ አሉ። እኔ አልታገስም። ይህ ዓይነቱ ነገር በድሮዎቹ ውስጥ ብዙ ነው፤ ያለ ፈቃድ መሳም፣ አስክሮ መውሰድ። በቅርቦቹ እየቀነሰ መጥቷል፤ ተመልካቹ ስለጮኸ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እውነተኛዋ ታይላንድ እንዲህ ናት? ማንም ምንም አይላቸውም? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ድራማው ከኑሮው ቀድሞ ነበር፤ ኑሮው ደግሞ በኋላ በሕግ ደረሰበት። በ2007 «ላቭ ኦፍ ሲያም» የተባለ ፊልም ሲወጣ ማስታወቂያው የወንድና የሴት ፍቅር አስመስሎት ነበር። አንዳንዱ ተመልካች ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሁለት ወንዶች ታሪክ መሆኑ የገባው፤ ብዙም አነጋገረ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 2024፣ የአገሪቱ ሴኔት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን አጸደቀ። ጥር 23 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያዋ ናት።

በዚህ መካከል ግን ድራማዎቹ የማያነሱት ብዙ ነበር። «እኔ ወንድ አልወድም፤ የምወደው እሱን ብቻ ነው» የሚለውን አባባል ስንቴ ሰማን? ሕግ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ መገለል የለ። ፍቅረኛሞቹ ብቻ በባዶ ዓለም ላይ። ለዚህ ነው «ኖት ሚ»ን የማከብረው። በ2021 መጨረሻ የጀመረ ነው፤ ዳይሬክተሯ አኑቻ ቡንያዋታና ትራንስጀንደር ሴት ናት። ልጆቹ ከሀብታምና ከሕግ ጋር ይጋፈጣሉ፣ ሰልፍ ይወጣሉ። አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል። ቢሆንም መንገድና ፖሊስ ያለበት ዓለም ነው።

ጥያቄ፦ በድራማው መሃል ድንገት ቆመው ክሬም የሚቀቡት ለምንድን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ክሬሙ ስለከፈለላቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ በነጻ የምታያቸው፣ አንዱ ክፍል ለአራት ተቆርጦ የሚጫነው፣ ከአንድ ቦታ ገንዘብ መምጣት ስላለበት ነው። ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ስናይ ለኖርን ሰዎች ይህ ምንም አይደለም። ዝለለው።

ጥያቄ፦ ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር የሚያወሩ ድራማዎችስ የላቸውም? (ከሮም)

መልስ፦ አላቸው፣ አሁንማ እየበዙ ነው። «ጋፕ» በሚለው ጀምሪ። ኅዳር 2022 የጀመረ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ነው። ፍሪንና ቤኪ ይጫወቱበታል። አለቃዋ ሳም የባላባት ዘር ናት፤ ሞን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታደንቃት ኖራ እሷው መሥሪያ ቤት የምትቀጠር ተራ ልጅ። መሃሉ ላይ ይጎተታል፤ ቢሮው ውስጥ ሥራ ሲሠራ ብዙም አይታይም፣ ይህም በእኔ መመዘኛ ነጥብ ያስቀንሰዋል። የሳም አያት ስትመጣ ግን ነገሩ ይነቃል። ያቺን አሮጊት መጥላት ስትጀምሪ ጻፊልኝ፤ ስለ እሷ ብዙ የምለው አለኝ።