ለዘንዘልማዋ እህታችን፦ ከአጥሩ በፊት ጣሪያዎን ይዩ

«ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዘንዘልማ አካባቢ ቦታ ይዤ 60 የሳሶ ዝርያ ቄቦች ቀን ቀን እየለቀቅሁ አረባለሁ፤ በሁለት ሳምንት 11 በአውሬ አለቁብኝ፤ አጥሩን በእሾህ ባጠናክረው ይበቃል ወይ?» ብለው የጠየቁትን አነበብሁ። የመኖንና የክትባትን ነገር እንደሚያውቁ ስለተረዳሁ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ፤ እሾሁን ይተዉት። እኔ ከዘጌ ወዲህ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ቦታዬ አንድ ሙሉ በጋ የግራር እሾህ ሳስጎትት ከርሜ፣ በነሐሴ በአንድ ሌሊት ከ40 ቄቦቼ 23ቱን ያጣሁ ሰው ነኝ። የእርስዎም ነገር ከእኔው ጋር አንድ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ የሚወስድብዎ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አንዲት ብር አያውጡ። ቀበሮ አንዷን አንቆ ይዟት ይሄዳል፤ የሚያገኙት አጥሩ ሥር የተንጠባጠበ ላባ ብቻ ነው። ጭልፊት በጠራራ ፀሐይ ጫጩት ይነጥቃል፤ የደረሰች ቄብ ግን እምብዛም አይደፍርም። አርጃኖ ከደንገሉ ውስጥ ወጥቶ እንቁላልና ጫጩት ይለቅማል፤ እባብ ደግሞ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ስለሚውጠው ምልክት አይተውም። ሸለምጥማጥ ግን የተለየ ነው። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይና ከቆጧ ስለማትነቃነቅ፣ እርሱ አንዷን በልቶ አይመለስም፤ ተራ በተራ አንገታቸውን እየነከሰ ይጨርስና፣ ከአንዷ ወይም ከሁለቷ ጭንቅላትና ደረት በልቶ ሌላውን እንዳለ ጥሎት ይሄዳል። በዚያ ጠዋት በሩን ስከፍት ያየሁት ይህንኑ ነው። ለእንቁጣጣሽ እንቁላል ይጀምሩልኛል ብዬ የጠበቅኋቸው ቄቦች ቆጡ ሥር ተዘርረዋል፤ አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ካለች የደም ጠብታ በቀር የተኙ ይመስሉ ነበር። በሩ ማታ እንደቀረቀርሁት ነው።

ሁለተኛ፣ የገባበትን ቀዳዳ ይፈልጉ፤ እኔ ያልፈለግሁት እርሱን ነበርና። ጎረቤቱ ሁሉ «ቀበሮ ነው» ስላለኝ በቤቱ ዙሪያ ቦይ አስቆፍሬ ድንጋይ ሞላሁበት፤ በአራተኛው ቀን አምስት ደገመኝ። መሰላል ይዤ የወጣሁት ያን ጊዜ ነው። የጭቃው ግድግዳ አናት ከቆርቆሮው ጋር በሚገናኝበት፣ በክፈፉ በኩል፣ ጡጫዬ ሳይጨነቅ የሚያልፍበት ክፍተት ነበር፤ የክፍተቱ አፍ በመመላለስ ብዛት ለስልሶ፣ ግራጫና ጥቁር ጠጉር ጭቃው ላይ ተለጥፎበታል። አጠገቡ የተከልኋት ማንጎ ደግሞ ቅርንጫፏን ጣሪያው ላይ አሳርፋለች። መወጣጫውን የሠራሁለት እኔው ነኝ! አናጢውን ብወቅሰው «አየር እንዲገባ ብዬ ነው የተውሁት» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አየሩስ ገብቷል።

ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል፤ ስለዚህ አየሩን ሳይዘጉ ክፍተቱን በሽቦ መድፈን ነው። ይህም ቢሆን በየሱቁ «የዶሮ ሽቦ» እየተባለ በሚሸጠው ስስና ዓይኑ ሰፊ በሆነው ሽቦ አይሆንም፤ ያ ዶሮዋን ከመውጣት ይከለክላታል እንጂ አውሬውን ከመግባት አያግደውም። እኔ እርሱን ገዝቼ በሳምንቱ ተቦጭቆ አግኝቼዋለሁ። ዓይኑ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ በብየዳ የተያያዘውን ይግዙ፤ ጠርዙንም በጣውላ አስጨንቀው ይምቱት። ከግርጌ በኩል ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ካስገቡት የሚቆፍረውም ተስፋ ይቆርጣል። ማንጎዋን ቆረጥኋት፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ሦስተኛ፣ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተቱ። እኔ ሦስት የሞቱ ዶሮዎች በፌስታል ይዤ፣ ቢያንስ ወጥመድ ማጥመድ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ያነጋገረኝ ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ታዲያ ለሸለምጥማጡ ደብዳቤ እንጻፍለት?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዕድሜ አባቱ የምሆን ሰው ነኝ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን ሊነግረኝ የሚገባው እርሱ ነበር፤ የነገረኝ ግን በመንገድ ያገኘሁት አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። መርዝንም በፍጹም አያስቡት። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ሥጋ መርዞ ቢያስቀምጥ የሞተው የገዛ ውሻው ነው፤ ሸለምጥማጡ በማግሥቱም የተለመደ ጉብኝቱን አላቋረጠም።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ስለ ዝርያው ነው። ሳሶ ሥጋዋም እንቁላሏም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዋህ ናት። የሀበሻ ዶሮ ሲመሽ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ኮሽታ ሲሰማ ትበራለች፤ ሳሶ ቆማ ታያለች። ስለዚህ ከቅዳሜ ገበያ አንድ ነቃ ያለ የሀበሻ አውራ ዶሮ ገዝቼ ቀላቀልሁባቸው፤ ከዚህ ቤት እንደ እርሱ ደመወዙን ሠርቶ የሚበላ የለም። ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ አንገቱን አጋድሎ በአንድ ዓይኑ ወደ ሰማይ እያየ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሴቶቹም ወዲያው ቡናው ሥር ይገባሉ። በምድር የሚመጣ ነገር ካየ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳያቋርጥ ይንጫጫል። አሁን እኔም ድምፁን ለይቼ፣ ለየትኛው ዱላ ይዤ እንደምወጣ አውቃለሁ። መሸሸጊያ ከሌለ ግን የእርሱ ጩኸት ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ግቢዎ ገላጣ ከሆነ ጌሾም ቢሆን ይትከሉ፤ ጫጩት ካለዎት ደግሞ እስከ ሁለት ወር ድረስ ከሽቦ ውጭ አይልቀቁ።

በክረምት በቆሎውን እስከ ዶሮ ቤቱ ደጃፍ መዝራት የሁላችንም ልማድ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሰው ቁመት ሲደርስ ለቀበሮ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የለም። እኔ አሁን በቤቱ ዙሪያ አምስት ሜትር ያህል ባዶ እተዋለሁ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ እቆጥራቸዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ማንም ይኑር ማንም፣ ሳልቆጥር በሩን አልቀረቅርም። ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ በሌሊት አንዲት ዶሮ አላጣሁም። እርስዎም ዛሬ ሳይመሽ መሰላል ይዋሱና ክፈፉን በእጅዎ እየዳበሱ ይዙሩት። የለሰለሰ ጭቃ ወይም ጠጉር ካገኙ የቤቱን ርዝመትና ስፋት እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ስንት ሜትር ሽቦ እንደሚበቃዎ አሰላልዎታለሁ።