ሕመምተኛው የሚለካን በምንድን ነው? ለታናናሾቼ የጤና ባለሙያዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ፣ ነጩን ጋውን ለብሳችሁ ወደየሆስፒታሉ ለምትገቡ ሁሉ ይህን የምጽፈው ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ካገለገልሁ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድ ጥያቄ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም፤ አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው መጥተው አንድ ዓይነት መድኃኒት ከተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ መርቆን ሲወጣ ሌላው አዝኖብን የሚሄደው ለምንድን ነው?

መልሱን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ያኔ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ የተመደብሁትም በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። እኚህ እናት ከገጠር ሪፈር ተጽፎላቸው መጥተው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ተሰልፈው፣ ካርድ ካወጡ በኋላ ከእኛ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሪፈር ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቋጠሮውን ይፈቱታል፣ ሲዘጋ መልሰው ይቋጥሩታል። ሐኪሙ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተጠርቶ እንደሄደ እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወጥቼ አልተናገርሁም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ «ዶክተር ዛሬ አይገቡም፣ ነገ ይምጡ» አልኋቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ነገ መምጣቱስ ግድ የለም፤ ጠዋት ብትነግሪኝ ኖሮ ግን ማደሪያ እፈልግ ነበር፤ አሁን መሸብኝ» አሉኝ።

ልጆቼ፣ እኚያን እናት የጎዳቸው የሐኪሙ አለመኖር አልነበረም፤ የእኔ ዝምታ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ያየሁት ቅሬታ ሁሉ፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ሥሩ ሲቆፈር ከዚሁ ላይ ይደርሳል። ሕመምተኛ መጠበቅን ይችላል፤ አገሩን ያውቃል፣ የባለሙያውንም ማነስ በዓይኑ ያያል። የማይችለው ለምን እንደሚጠብቅና እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ሳይነገረው መቀመጥን ነው። ከእሱ ኋላ የመጣ ሰው በትውውቅ ቀድሞት ሲገባ ማየት ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ያመዋል።

ቤይሩት ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፉ የሕክምና ጥራት በአደረጃጀቱ፣ በአሠራሩና በውጤቱ በኩል እንደሚታይ አስረድቷል። እኛ ባለሙያዎች የምንኮራው በውጤቱ ነው፤ ሕመምተኛው ግን የታዘዘለት መድኃኒት ትክክለኛው ይሁን አይሁን መርምሮ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በሚያየው ይፈርዳል፤ በመጸዳጃ ቤቱ ውኃ መኖር፣ በአልጋው አንሶላ ንጽሕና፣ በስሙ በመጠራቱ ወይም «አንተ አልጋ ሰባት» በመባሉ። ፍርዱን አትናቁበት፤ በእጁ ያለው ማስረጃ ይኸው ብቻ ነው።

ስለ መድኃኒት እጥረት ላውራችሁ፤ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አስጨንቆኛል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ያ ሰው መስኮቱ ላይ ደርሶ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል የሚያጣው መድኃኒቱን ብቻ አይደለም፤ የተገባለትን ቃል ነው። እናንተ ግዢውን አትቆጣጠሩትም። ነገር ግን ከማዘዛችሁ በፊት ፋርማሲው ምን እንዳለው መጠየቅ፣ ያው ሥራ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ካለ እሱን መጻፍ፣ ከሌለም ምክንያቱን ለሕመምተኛው አስረድቶ መላክ በእጃችሁ ነው።

ማዳመጥንም ከዚሁ ጋር አያይዤ አነሣዋለሁ። ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ንግግሩን ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጡት እንደነበር አሳይተዋል። እኛ ዘንድ ሰው ሕመሙን የሚጀምረው ከሩቅ ነው፤ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ራስ ምታቱ ነው፣ የሚያሳፍረውን ነገር የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። በ18 ሰከንድ ካቆማችሁት እውነተኛውን ሕመም ይዞት ይመለሳል።

ገመናም እንዲሁ ነው። በማዋለጃ ክፍል መጋረጃው ሳይሳብ የተመረመረች፣ በምጥ ላይ እያለች የተሰደበች ሴት ቀጣዩን ልጇን ቤቷ ልትወልድ ትመርጣለች፤ ይህ ደግሞ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ለብዙ ሕመምተኛ ብቻዋን የምትቆም ነርስ ትዕግሥቷ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ እኔም አልቆብኝ ያውቃል። ለዚህም ነው ስለ ተረኛ ብዛትና ስለ ዕረፍት ለኃላፊዎቻችሁ ስትናገሩ ለሕመምተኛው ጭምር እየተናገራችሁ መሆኑን እንድታውቁ የምፈልገው።

ሆኖም እርካታንና ጥሩ ሕክምናን አንድ አድርጋችሁ እንዳትወስዱ አደራ እላለሁ። መርፌ ካልተወጋ ወይም ግሉኮስ ካልተተከለለት የታከመ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እሱን ለማስደሰት ብላችሁ የማያስፈልገውን አትስጡት፤ ተቀምጣችሁ አስረዱት እንጂ። ከዚህ ሌላ የሕዝባችን ይሉኝታ አለ። መጠይቅ ይዛችሁ በር ላይ ቆማችሁ «ረክተዋል ወይ?» ስትሉ፣ ጋውን የለበሰን ሰው ላለማስቀየም፣ ነገም ተመልሶ መምጣቱ ስለማይቀር፣ «ተመስገን፣ እግዜር ይስጣችሁ» ይላችኋል። ቅጹ ይሞላል፤ እውነቱ ግን አልተነገረም።

እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጥያቄዬን ለውጬ ነበር። አንድ አዛውንት ከዋርድ ሲወጡ ስለ መስተንግዶው ብጠይቃቸው አመሰገኑኝ። «አባቴ፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ስላቸው ግን ሦስት ፌስታል ከኪሳቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ዘረጉና ዝም አሉ። የቱ የማታ፣ የቱ የጠዋት እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን፤ በአንዱ ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ፣ በሦስተኛው ላይ ሁለቱንም በእስክሪብቶ ሣልሁላቸው። ከዚያ እያንዳንዱን እያነሡ መልሰው እስኪነግሩኝ ድረስ ጠበቅሁ።