«ተቃራኒ» ወይስ «አንጻር»?

ጥያቄ፦ የቴአትር ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ ሼክስፒር ተውኔት ስለ «ሐምሌት» ሲያስረዱን ሌርቴስን «የሐምሌት ተቃራኒ ገጸ ባሕርይ» አሉት። እኔ ግን ተቃራኒው አጎቱ ክላውዲየስ ይመስለኝ ነበር። የሌላውን ጉድለት እንዲያሳይ የሚገባ ንዑስ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ምን ይባላል?

መልስ፦ ግራ ቢገባዎ አይፈረድብዎትም። «ተቃራኒ» እዚህ ላይ ሁለት ሰው ተሸክሟል። ክላውዲየስ የሐምሌትን አባት የገደለ፣ እሱንም ለማጥፋት የሚያሴር ሰው ነው። ለእሱ «ባላንጣ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ለሌርቴስ ግን እኔ «አንጻር» እላለሁ።

ልዩነቱን በዕለት ንግግራችን እናውቀዋለን። «ታላቁ ችኩል ነው፤ ታናሹ በአንጻሩ ረጋ ያለ ነው» ስንል ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ይታዩናል። «ይተኛል ብለን ነበር፤ በተቃራኒው ሲሠራ አደረ» ስንል ደግሞ የጠበቅነው ተገለበጠ። ተቃራኒ ይገለብጣል፣ አንጻር ያስተያያል። ሥሩም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በግእዝ «ነጸረ» ማለት አየ፣ ተመለከተ ነው። መነጽርም የመጣው ከዚያው ነው። «አንጻራዊ ገጸ ባሕርይ» የሚሉም አሉ። እኔ አልወደውም። «አንጻራዊ ሰላም» እያልን ቃሉን «ፍጹም ያልሆነ» ለሚል ሐሳብ ሰጥተነዋል።

አሁን ወደ መድረኩ እንሂድ። ሌርቴስና ሐምሌት ተቃራኒ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። ሁለቱም አባታቸው የተገደለባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም ደም መመለስ ይፈልጋሉ። ይህ መመሳሰል ባይኖር የሚስተያይ ነገር ባልኖረ ነበር። በሦስተኛው ገቢር ክላውዲየስ ተንበርክኮ ለመጸለይ ሲሞክር ሐምሌት ከኋላው ይደርሳል። ሰይፉን ይመዛል። ግን «አሁን ብገድለው ነፍሱ ገነት ትገባለች» ብሎ መልሶ ይከተዋል። ብቻውን ስናየው ብልህ ምክንያት ይመስላል። የሌርቴስን አባት የገደለው ደግሞ ሐምሌት ራሱ ነው። በአራተኛው ገቢር ክላውዲየስ ሌርቴስን «አባትህን የገደለውን ምን ታደርገዋለህ?» ይለዋል። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን አንገቱን እቆርጠዋለሁ! ያኔ ነው የሐምሌት ማመንታት ፍጥጥ ብሎ የሚታየው። ማንም ገጸ ባሕርይ «ሐምሌት ያመነታል» ብሎ መናገር አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተማሪ ይቸኩላል፤ ሌርቴስን ጀግና ያደርገዋል። ሌርቴስ ሳያጣራ ቶሎ ስለሚነድ ንጉሡ ክላውዲየስ መጠቀሚያ አደረገው፤ ሰይፉን መርዝ ቀብቶ ሐምሌትን ወጋ፣ በዚያው መርዝ እሱም ሞተ። የእሱን ችኮላ ደግሞ የሚያሳየን ሐምሌት ነው። ስለዚህ «ሐምሌት የሌርቴስ አንጻር ነው» ቢሉም አልተሳሳቱም።

ሐምሌት ራሱም ይህን ብሎታል። በአምስተኛው ገቢር፣ ከፍልሚያው በፊት፣ ሌርቴስን የእኔ አለማወቅ ያንተን ችሎታ በጨለማ ሌሊት እንዳለ ኮከብ ያደምቀዋል ይለዋል። ሼክስፒር እዚያ ላይ የመረጠው «ፎይል» (foil) የሚለው ቃል የጌጥ ሠሪዎች ነው፦ ፈርጡ እንዲያበራ ከሥሩ የሚነጠፍ ስስ ብረት።