ቫርዲ በ25 ዓመቱ አልጀመረም

ጥያቄህ ይህ ነው፦ ታናሽ ወንድምህ 19 ዓመቱ ነው፣ አጥቂ ነው፣ ክለቡ «ቁመትህ አጭር ነው» ብሎ ከታዳጊ ቡድን ቀንሶታል። አሁን «የእንግሊዙ አጥቂ ጄሚ ቫርዲም በ25 ዓመቱ ነው ብቅ ያለው» እያለ ቤት ቁጭ ብሏል። ልጁን ልተወው ወይስ ልገፋፋው ነው ያልከው።

ግፋው። የሰፈር ልጆችን ለዓመታት ሳሰለጥን የቫርዲን ወሬ ያላነሳብኝ አጥቂ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ሁሉም የሚያወሩት መጨረሻውን ነው።

ሼፊልድ ዌንስዴይ የሚባለው የእንግሊዝ ክለብ ቫርዲን ሲያሰናብተው 16 ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ ያው ቁመት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ኳስ አስጠልቶት ተወው። ከዚያ ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ የሚባል፣ እዚያው አካባቢ ያለ ትንሽ ክለብ ገባ። ዋናው ቡድን ሲደርስ በሳምንት 30 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ የሕክምና መደገፊያዎች ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ልምምድ።

በፈረንጆቹ 2007 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ደግሞ በጠብ ተፈረደበትና እግሩ ላይ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ታሰረለት። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ቤቱ መገኘት ነበረበት። ጨዋታው ሩቅ ከተማ ሲሆን አንድ ሰዓት ያህል ተጫውቶ ተቀይሮ ይወጣና ወደ ቤቱ ይከንፋል። ከሜዳ ግን አልጠፋም።

በ2010 ወደ ሃሊፋክስ ታውን፣ በ2011 ወደ ፍሊትውድ ታውን ሄደ። ለፍሊትውድ በአንድ የውድድር ዓመት 31 የሊግ ግብ አገባ። ሌስተር ሲቲ በ2012 በ1 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛው ያኔ ነው። እኛ «ጀመረ» የምንለው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ግን እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ ከጎልማሳ ተከላካዮች ጋር ሲጋፋ ነው የኖረው። ወንድምህ ቤት ቁጭ ብሎ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሌስተርም ሲገባ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ 4 ግብ ብቻ ነው ያገባው፤ ኳስ ለማቆም ሁሉ አስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ፦ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ፣ በ2020 በ33 ዓመቱ በ23 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ። በ2025 ሌስተርን ሲለቅ 500 ጨዋታ፣ 200 ግብ። (እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። በ2016 መጣ ሲባል እምቢ ብሎ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል።)

አሁን ወደ ቁመቱ ልምጣ። ኅዳር 2008 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ኖቬምበር 28 ቀን 2015፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ያገባውን ግብ ፈልጋችሁ አብራችሁ እዩት። በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታ ግብ አግብቶ የቀድሞውን የዩናይትድ አጥቂ የቫን ኒስትሮይን ሪከርድ የሰበረበት ነው። ዩናይትድ የማዕዘን ምት መታ፣ የሌስተር በረኛ ሽማይክል ኳሱን ይዞ ለተከላካዩ ፉክስ ወረወረለት፣ ፉክስ እየነዳ ወጣ። አንተ ኳሱን ተወውና ቫርዲን ተመልከት። ኳሱ ገና ፉክስ እግር ሥር እያለ ሩጫውን ይጀምራል፣ በተከላካዮቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ። ኳሱ ሲደርሰው ብዙም አልነካካም፤ የዩናይትድን በረኛ ዴ ሄያን አሳልፎ ወደ ሩቁ ጥግ ላካት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቁመት የሚጠይቅ ነገር የለም።

ድሪብል የእሱ መለያ አይደለም። መለያው መቼ እንደሚሮጥ ማወቁ ነው። ይህ ደግሞ ብቻህን ሮጠህ የምታመጣው ነገር አይደለም፤ መስመር ጠብቆ የሚያጠምድህ ተከላካይ፣ ከጨዋታ ውጪ ብሎ ባንዲራ የሚያነሳብህ ዳኛ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የክለቡ ስም አያሳስባችሁ። ዝቅ ያለ ሊግም ይሁን የወረዳ ውድድር፣ በየሳምንቱ የሚያሰልፈው ይፈልግ። ትልቅ ክለብ ገብቶ ተጠባባቂ ወንበር ከሚያሞቅ ይሄ ይሻለዋል። ሥራ ካገኘም ይሥራ፣ ልምምዱ ከሥራ በኋላ የሆነ ቡድን ይምረጥ። የምትኖሩበትን ከተማ ከሥር ጻፍልኝ፤ እዚያ የማውቀው አሰልጣኝ ካለ አገናኛችኋለሁ።