ስለ ሶላር ዳዮድ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ሶላር ዳዮድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ጣሪያ ላይ ስወጣና ስወርድ የምውል የሶላር ሠራተኛ ነኝ።

ዳዮድ ብጨምርበት ሶላሬ የበለጠ ያመነጫል? (ከሱሉልታ)

አያመነጭም። ዳዮድ ከረንትን ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ጉዳት ይከላከላል እንጂ ዋት አይጨምርም። "ዳዮድ ልግጠምልህና እጥፍ ይሰጥሃል" ያለህን ሰው በጨዋ ደንብ ሸኘው።

ከፓኔሉ ጀርባ ያለችው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ያሉት ምንድን ናቸው?

ባይፓስ ዳዮዶች። ሴሎቹ (ፓኔሉ ላይ የምታዩአቸው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ቁራጮች) ተከታትለው ነው የተያያዙት። አንዱ ላይ የባህር ዛፍ ቅጠል ቢለጠፍ ያ ሴል ማመንጨቱን ትቶ የሌሎቹን ጉልበት መብላት ይጀምራል፣ ይግላል። ሲቆይ ከመስታወቱ ሥር ቡናማ ጠባሳ ታያላችሁ። ዳዮዱ ከረንቱን በጎን አሳልፎ ከዚህ ያድነዋል። 60 ሴል ያለው የተለመደው ፓኔል 3 ዳዮድ አለው፤ አንዱ 20 ሴል ይጠብቃል።

9 ሰዓት ላይ የሮቶው ጥላ የፓኔሌን ጥግ ይነካል። ጥግ ብቻ! ግን ቻርጁ ቁልቁል ይወርዳል። ዳዮዱ ተበላሽቶ ነው? (ከጣፎ)

አይመስለኝም ወንድሜ። ያለህ አንድ ባለ 36 ሴል ፓኔልና የ12 ቮልት ባትሪ ነው ብለሃል። እንዲህ ያለው ፓኔል ብዙ ጊዜ 2 ዳዮድ ነው ያለው። አንዱ ግማሹን ሲዘልል የቀረው ግማሽ 9 ቮልት አካባቢ ነው የሚሰጠው። በ9 ቮልት የ12 ቮልት ባትሪ አይሞላም። ስለዚህ ዳዮዱ ፓኔሉን ከመቃጠል ያድናል፣ ባትሪህን ግን አይሞላልህም። ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ብዙ ፓኔል በተከታታይ ተያይዞ ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓኔሉ የሚገኘውን ከፍተኛ ጉልበት እየፈለገ ባትሪ የሚሞላ መቆጣጠሪያ) ሲኖር ነው። ላንተ የሚሻለው ፓኔሉን ከሮቶው ማራቅ ነው። ሁለት ሜትር ሽቦ ከዳዮድ በላይ ይጠቅምሃል።

ሌሊት ባትሪዬ ወደ ፓኔሉ እየፈሰሰ ነው ብለው ሌላ ዳዮድ ግዢ አሉኝ። ልግዛ?

ቻርጅ ኮንትሮለር (በፓኔሉና በባትሪው መሀል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠር ሳጥን) አለሽ እህቴ? ካለሽ አትግዢ፤ ሌሊት መንገዱን የሚዘጋው እሱ ነው። ተራ ዳዮድ መሀል ላይ ብታስገቢ 0.7 ቮልት ገደማ ይበላብሻል። በ5 አምፒር 3.5 ዋት በከንቱ ወደ ሙቀት ሄደ ማለት ነው። ኮንትሮለር ከሌለሽ ደግሞ የዳዮዱን ብር እሱ ላይ ጨምሪበት።

ዳዮዱ መሞቱን በምን አውቃለሁ?

በቴስተር። ባለፈው ክረምት ቡራዩ የሚኖሩ አንዲት እናት "ከመብረቁ ወዲህ ሶላሩ ሞተብኝ" ብለው ጠሩኝ። ባለ 36 ሴል ፓኔል ነው፤ ከባትሪ ጋር ሳይያያዝ ፀሐይ ላይ 22 ቮልት አካባቢ ማንበብ ሲገባው 11 አነበበ። ልክ ግማሽ! ሳጥኑን ስከፍተው መጀመሪያ ጉንዳን ወጣ። ከዚያ አንዱ ዳዮድ ጠቁሮ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። እማማ ለአዲስ ፓኔል ብር ቆጥረው ጨርሰው ነበር። ዳዮዱን ቀይሬ ስለካው 21 ተኩል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

ራሳችሁ ልትከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ የፓኔሉን ሽቦ ከኮንትሮለሩ ንቀሉ፣ ፓኔሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ቴስተሩን ዳዮድ ምልክቱ ላይ አድርጉ። ጤነኛ ሾትኪ (ከተራው ያነሰ ቮልት የሚበላ የዳዮድ ዓይነት) በአንድ በኩል 0.2 ወይም 0.3 ያነባል፣ ሲገለበጥ ግን አያሳልፍም፤ ቴስተሩ ቁጥር አያሳይም። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካነበበ አልቆለታል።

ምን ዓይነት ልግዛ?

ሾትኪ በሉ። አምፒሩ ከፓኔሉ ጀርባ ከተጻፈው አጭር ዙር ከረንት (Isc ተብሎ የተጻፈው) በደንብ ይብለጥ፤ 9 አምፒር ለሚሰጥ ፓኔል ባለ 15 ይሁን። ጭረቱ ያለበት ጫፍ ወደ ፕላስ ነው የሚዞረው። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁት የዚያን ክፍል ሴሎች ሾርት ታደርጋላችሁ፤ እኔም ጀማሪ እያለሁ አድርጌዋለሁ።

ፓኔሉን በኦሞ ልጠበው?

ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል።