ራስን ለመከላከል የትኛውን ማርሻል አርት ልማር?

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወዲህ ስፖርት ሠርቼ አላውቅም። ሥራዬ አምሽቶ ስለሚያልቅ ብቻዬን የምሄድበት መንገድ ያሰጋኛል። ካራቴ፣ ጁዶ፣ ቦክስ፣ የብራዚል ጁጂትሱ፣ አይኪዶ፣ ክራቭ ማጋ… የጠየቅኩት አሰልጣኝ ሁሉ የራሱን ነው የሚያመሰግነው። ሜዳልያ አልፈልግም፤ ሰው ቢይዘኝ አስለቅቄ ማምለጥ ብቻ ነው የምፈልገው። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ የስፖርቱን ስም ለጊዜው ይተዉትና ማሰልጠኛው ድረስ ሄደው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ማየት ያለብዎት አንድ ነገር ነው፤ ሰልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ አቻቸው እምቢ ይላል ወይስ ይወድቅላቸዋል? አንዱ እጁን ዘርግቶ ቆሞለት ሌላው አምስት ስልት የሚደረድርበት ልምምድ ለመነሻ ያህል ጥሩ ነው። ሥልጠናው እዚያው ላይ ካበቃ ግን ሦስት ዓመት ቢማሩም የሚያውቁት ፈቃደኛ የሆነን ሰው መጣል ብቻ ይሆናል። በእውነት የሚይዝዎት ሰው ይጎትታል፣ ይገፋል፣ ሁለተኛ እጁን ይጨምራል።

ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት የገባው ይኸው ነበር። ከጥንቱ የጃፓን ጁጂትሱ ምትንና አካል የሚያጎድሉ ስልቶችን ከነፃ ትግሉ አውጥቶ በካታ (ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በተወሰነ፣ ያለ ትግል በሚሠራ ልምምድ) ብቻ እንዲቀሩ አደረገ፤ የተቀሩትን ሰልጣኞቹ በሙሉ ኃይላቸው እየተሟገቱ ይሠሯቸው ጀመር። «የእኛ ስልት ገዳይ ስለሆነ ግጥሚያ አንሠራም» የሚል አሰልጣኝ ከገጠመዎ አመስግነው ይውጡ።

በዚህ መለኪያ ቦክስ፣ ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ)፣ ጁዶ፣ ትግልና የብራዚል ጁጂትሱ በአብዛኛው ያልፋሉ፤ ስፓሪንግ፣ ማለትም ከሚቃወም አቻ ጋር የሚደረግ የልምምድ ግጥሚያ፣ የሥልጠናቸው አካል ነውና። ካራቴ እንደ ማሰልጠኛ ቤቱ ይለያያል። ኪዮኩሺን የሚባለው የካራቴ ዘርፍ ሰዎች በሙሉ ኃይል ይጋጠማሉ፣ ነገር ግን በውድድራቸው ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። አይኪዶ አወዳደቅን ደህና አድርጎ ያስተምራል፤ በአብዛኞቹ ቤቶች ግጥሚያ ስለሌለ ግን ለእርስዎ ዓላማ የመጀመሪያ ምርጫ አናደርገውም። ክራቭ ማጋ ደግሞ በወረቀት ላይ እርስዎ የሚፈልጉትን ነው የሚያስተምረው፤ ችግሩ የአሰልጣኝነት ምስክር ወረቀት የሚሰጡት ድርጅቶች ብዙ መሆናቸውና ደረጃቸው መራራቁ ነው። ስለዚህ ስሙን አይተው አይመዝገቡ።

ስጋትዎ መያዝ ስለሆነ ከጁዶ ወይም ከብራዚል ጁጂትሱ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ (የተለያዩ ማርሻል አርቶች የሚጋጠሙበት ውድድር) ሮይስ ግሬሲ 80 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሳለ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው ያሸነፈው በብራዚል ጁጂትሱ ነው፤ ከሚከብድ ሰው ሥር መውጣትን የዚህን ያህል የሚያስተምር ሌላ የለም። ጉድለቱም እዚያው አለ፦ መሬት ላይ መቆየትን ያስለምዳል። መንገድ ላይ ግን ሁለተኛ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አሰልጣኙን ከመሬት መነሳትን በየክፍለ ጊዜው እንዲያሠራዎ ይጠይቁት። ቀኝ እጅን ከኋላ መሬት ላይ ይተክላሉ፣ በግራ እግር መዳፍ መሬቱን ይረግጣሉ፣ መቀመጫዎን አንስተው ቀኝ እግርዎን በሥርዎ ወደ ኋላ ያሳልፉና ይቆማሉ፤ ግራ እጅ እስከ መጨረሻው ፊትን ይጠብቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ነው፤ ያኔ ፊቱ ለጉልበት ምት ተጋለጠ ማለት ነው።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል፤ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የተማሩትን እየረሱ ይመጣሉ። ስድስት ወር ከሠሩ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ቦክስ ቢጨምሩ፣ ቡጢ ሲሰነዘር ዓይን አለመጨፈንን ይለምዳሉ። የዓመት ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ፣ ጥቁር ቀበቶ በዚህ ቀን ታገኛለህ ብሎ ቃል የሚገባ፣ ወይም አዲስ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ከባድ ስፓሪንግ ውስጥ የሚያስገባ ቤት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ቴኳንዶ ስሠራ አራት ዓመት ሆነኝ። ቦክስ ከሚማር ጓደኛዬ ጋር ቀለል አድርገን ስንጋጠም ከርቀት በእግሬ አገኘዋለሁ፤ ከቀረበኝ ግን ፊቴን ይነርተዋል። ድካሜ ከንቱ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የውድድሩ ሕግ ያስለመደዎት ነገር ነው። በዓለም ቴኳንዶ ውድድር ቡጢ የሚፈቀደው ደረትና ሆድን በሚሸፍነው መከላከያ ላይ ብቻ ነው። ፊትን በእጅ የሚመታ ስለሌለ እጅ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ሌላውም ስፖርት ከዚህ አያመልጥም፤ ጁዶ እግር ይዞ መጣልን እ.ኤ.አ. በ2010 ገድቦ በ2013 ሙሉ በሙሉ ስለከለከለ፣ ከዚያ ወዲህ የሠለጠነ ጁዶኛ እግሩ ላይ ለሚመጣበት ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነቃው።

ያለዎትን አይጣሉ። ሆድ ላይ የሚያርፍ የፊት ለፊት ግፊት ርግጫና ጭን ላይ የሚወርድ ዝቅተኛ ምት ርቀት ለመጠበቅ የሚወዳደራቸው የለም። ከሆድ በላይ ግን አይራገጡ፤ ጠባብ ሱሪ ለብሰው እርጥብ መሬት ላይ እግርዎ ከተያዘ የሚተርፍዎት አንድ እግር ነው። ሁለት ሦስት ወር ቦክስ ገብተው አገጭን ዝቅ፣ እጅን ጉንጭ ላይ ማድረግን ይጨምሩበት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቦክሰኛ ፋሻና ጓንት አለው። በባዶ ቡጢ ራስ ቅልን ሲመቱ ከትንሿ ጣት በታች ያለው የመዳፍ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። ወደ ራስ ከሆነ በመዳፍ ተረከዝ (ከአንጓ አጠገብ ባለው ወፍራም የመዳፍ ክፍል) ይምቱ።

ጥያቄ፦ የእጄን አንጓ ጠበቅ አድርጎ የያዘኝን ሰው እንዴት ላስለቅቀው? ወደ ኋላ ስጎትት ይበልጥ ያጠብቃል።

መልስ፦ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መጎተት ክንድዎን ከአራት ጣቶቹ ጋር ነው የሚያፋልመው፤ በዚያ ላይ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብሉ እሱ ሲገፋ ይወድቃሉ። የመያዣው ደካማ ቦታ አውራ ጣቱና ሌሎች ጣቶቹ የሚገናኙበት ክፍተት ነው። መጀመሪያ ግማሽ እርምጃ ወደ እሱ ይግቡ፤ መጎተቱ ይላላል። ቀጥሎ የክንድዎ ቀጭን ጠርዝ በአውራ ጣቱ በኩል ወዳለው ክፍተት እንዲዞር አንጓዎን ያዙሩ። ከዚያ ክርንዎን ወደ እሱ ክርን እያስጠጉ፣ እጅዎን ወደ ራስዎ ትከሻ በኃይል ያጥፉ። ኃይሉ ከወገብ መዞር ነው የሚመጣው፤ ክንድ ብቻ አይበቃም። በሁለት እጁ ከያዘዎ በክንዶቹ መሀል ሌላኛውን እጅዎን አስገብተው የተያዘውን ቡጢዎን ይጨብጡና ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ላይ ይሳቡ።

እጅ እንደተለቀቀ ብዙ ሰው ቆሞ ያየዋል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይያዛል። መዳፎችዎን ከፊትዎ አድርገው እየጮሁ ያፈግፍጉ፣ ከዚያ ይሩጡ። ይህን ከሚከብድዎ ሰው ጋር፣ መቼ እንደሚይዝዎ ሳይነግርዎ ይለማመዱት።

ጥያቄ፦ አንድ አሰልጣኝ ቢላ መንጠቅ በአንድ ሳምንት አስተምራለሁ ይላል። ልመዝገብ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ይያዙ። ከተጠራጠሩ ነጭ ካናቴራ ለብሰው ለጓደኛዎ ማርከር ይስጡትና፣ እጁን ዘርግቶ ሳይቆይ ደጋግሞ እየሳበ እንዲወጋ ይንገሩት። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ካናቴራው ላይ ያረፉትን የማርከር ምልክቶች ይቁጠሩ። ቢላ የያዘ ሰው የሚፈልገው ቦርሳ ወይም ስልክ ከሆነ ወደ ጎን ወርውረውለት በተቃራኒው ይሩጡ። መውጫ ከሌለ ብቻ ነው ቢላውን የያዘውን ክንድ በሁለት እጅ ጨምድዶ መሟገት የሚመጣው፤ ያኔም መቆረጥ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጁዶ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እስካሁን ከአወዳደቅ ሌላ ብዙም አላየሁም። ጊዜዬን እያባከኑት ነው?

መልስ፦ ከሚማሩት ሁሉ በዕለት ኑሮዎ መጀመሪያ የሚጠቅምዎት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ከሚደባደብ ይልቅ ብዙ ጊዜ አዳልጦት ነው የሚወድቀው። ወደ ኋላ ሲወድቁ አገጭ ደረት ላይ ተጣብቆ ዓይን ቀበቶን ያያል፤ ጭንቅላት መሬት የማይነካው በዚህ ነው። ክንዶች ከጎን ወደ 45 ዲግሪ ተከፍተው፣ ጀርባ ከሚያርፍበት ቅጽበት ጋር እኩል መሬቱን ይመታሉ። ከትከሻ በላይ ከተከፈቱ ትከሻን ይጎዳሉ። ትልቁ ስህተት ውድቀቱን በተዘረጋ እጅ ለማስቆም መሞከር ነው፤ አንጓና ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ያለው አጥንት የሚሰበረው በዚያ ነው። ቁጢጥ ካሉበት ጀምረው አየር እያስወጡ ይውደቁ፤ ትንፋሽ ሳይዙ፣ አገጭም ሳይነሳ ደጋግመው ከቻሉ ቆመው ይሞክሩ።