«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚደብቀው ከማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም አራቱ ጠያቂዎች ሙያቸው ለየቅል ነው። ያስቸገራቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ለደንበኛ የሚጽፉት አጭር ጽሑፍ።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በርበሬና ምጥን ሽሮ አዘጋጅቼ በቴሌግራም ቻናል እሸጣለሁ። ፎቶ ለጥፌ «ጥራቱን የጠበቀ ንጹሕ ባልትና፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» እላለሁ። በየቀኑ ብዙ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ስመልስለት አብዛኛው ድምፁ ይጠፋል። ዋጋውን በግልጽ ብጽፍ ደግሞ ተፎካካሪ ያየዋል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ተፎካካሪዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ በሌላ ስልክ እንደ ገዢ ጠይቆ በሁለት ደቂቃ ይደርስበታል። የተደበቀው ከገዢው ነው። ገዢው ደግሞ ዋጋ ሲሸሸግበት «ፊቴን አይተው ሊጠሩብኝ ነው» ይላል። ከሚጠይቅዎት በላይ ሳይጠይቅ የሚያልፈው ይበዛል፤ እሱን ስለማያዩት ኪሳራውም አይታይዎትም።

አዲስ ማስታወቂያ ከመጻፍዎ በፊት የአንድ ወር የውስጥ መስመር መልእክቶችዎን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። እያንዳንዱን የጥያቄ ዓይነት ወረቀት ላይ ጽፈው፣ በተደጋገመ ቁጥር ከጎኑ ጭረት ያድርጉ። በበርበሬ ንግድ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚወጡት ዋጋ፣ «ጨው አለው ወይ?»፣ «በጣም ያቃጥላል?»፣ «ታደርሳላችሁ?» እና «ማድረሻው ዋጋው ውስጥ ነው?» ናቸው። አምስቱን በጭረታቸው ብዛት ቅደም ተከተል ይመልሷቸው፤ ማስታወቂያዎ ያ ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የተፈጨ በርበሬ፣ 1 ኪሎ … ብር፣ ግማሽ ኪሎ … ብር። ዋጋው እስከ እሑድ ጥር 24 ይሠራል።
የማረቆ ዛላ፤ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ አለው። ጨው አልገባበትም።
መካከለኛ ያቃጥላል፤ ለልጆች ወጥ መጠኑን ይቀንሱ።
አዳማ ውስጥ በማግስቱ እናደርሳለን፤ ማድረሻው ዋጋው ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ማክሰኞና ዓርብ፤ ማድረሻ ለብቻ … ብር።
ለማዘዝ ስም፣ ሰፈርና መጠን ይጻፉልን።»

የመጀመሪያው መስመር ላይ ዕቃው፣ መጠኑና ዋጋው አብረው መግባት አለባቸው። ስልክ ላይ ብቅ በሚለው ማሳወቂያ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ» ከገባ ቦታው ባከነ። «ጥራቱን የጠበቀ» እና «ንጹሕ» የሚሉትንም ያውጧቸው፤ ቆሻሻ እሸጣለሁ ብሎ የጻፈ ነጋዴ የለምና ቃሎቹ ለገዢው ምንም አይነግሩትም። በምትካቸው የሠሩትን ይጻፉ፦ «ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የተፈጨ።» በእርግጥ ካልታጠበ ግን «ታጥቦ» አይበሉ፤ ቃሉን የሚፈትነው ገዢው ወጥ ሲሠራ ነው።

የዋጋ ቀን ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኛ ከሦስት ወር በፊት የለጠፉትን ፈልጎ አግኝቶ ፎቶውን እየላከ በድሮው ዋጋ ይሟገታል። መፍትሔው አንድ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ከቻናሉ አናት ላይ መሰካትና ዋጋ ሲለወጥ ያንኑ ማረም ነው። የቻናል ጽሑፍ ቆይቶም ይታረማል፤ የላኩት ሊንክም አይለወጥም። ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ጽሑፍ በተራው አካውንት 1024 ፊደል ላይ ስለሚቆም፣ ረጅሙን ዝርዝር ያለ ፎቶ ለብቻው ይለጥፉት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንጨምር። ለስልኩ ፍለጋ «የጾም» እና «የፆም» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የጾም ሽሮ የሚፈልግ ሰው በየትኛው ፀ እንደሚጽፍ አይታወቅም፤ አንዱን በዋናው ጽሑፍ፣ ሌላውን ከግርጌ ያስገቡት። ሐበሻ እና ሀበሻ፣ ሥጋ እና ስጋም እንዲሁ ናቸው። የፊደል ንጽሕና የሚወዱ ሰዎች ይቆጣሉ፤ ይቆጡ።

ጥያቄ፦ የፀጉር ቤት አለኝ። ለደንበኞቼ የቀጠሮ ማስታወሻ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እልካለሁ፤ አንድ መልእክት ብቻ ብልክም አንዳንዴ የሁለት ሂሳብ ይቆረጥብኛል። ለምን?

መልስ፦ በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈ መልእክት እስከ 160 ፊደል አንድ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ወይም ኢሞጂ ከገባበት ግን ሙሉው መልእክት በሌላ አቆጣጠር ይሄድና ወሰኑ 70 ይሆናል። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ 67 ብቻ ይይዛል። 71 ፊደል የጻፈ ሰው የሁለት መልእክት ይከፍላል ማለት ነው። ክፍት ቦታና ነጥቦችም ይቆጠራሉ።

«የቀጠሮ ማስታወሻ፦ ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ካልተመቸዎት ዛሬ ይደውሉ።» የሚለው 47 ነው። ክፍት ቦታና አሥር አኃዝ ያለው ስልክ ሲጨመር 58 ይሆናል፤ ከፊቱ አንድ ክፍት ቦታ ሲቀነስ ለቤቱ ስም 11 ፊደል ይተርፋል። ሰላምታውንና «እናመሰግናለንን» ለፊት ለፊት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እናሠራለን። ቀብድ ተቀብለን ሥራ ከጀመርን በኋላ ደንበኛ «ጥለቱ ይህ አልነበረም»፣ «ለበዓሉ አልደረሰልኝም»፣ «ብሬን መልሱ» ይላል። ደረሰኝ ላይ ስምና የተቀበልነውን ብር እንጽፋለን። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ሁለት ነገር ጎድሏል፤ ከባዱ «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። ቀብድ መቀበል ውሉ ስለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ልማድ ሆኖባችሁ «ቀብድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሸማኔው ቀርቶባችሁ ሥራውን ብትተዉ የተቀበላችሁትን ብቻ መልሳችሁ የምትገላገሉ አይምሰላችሁ። የተስማማችሁት የዋጋውን ከፊል አስቀድሞ ስለመክፈል ብቻ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» በሉ፤ ደንበኛው ቢተው ስንት እንደሚመለስለት፣ እናንተ ብትተዉስ ምን እንደምታደርጉ በአንድ መስመር ጻፉ። ይህችን መስመር አንድ ጊዜ ለጠበቃ ማሳየት ከአንድ ቀሚስ ጠብ ይረክሳል።

ሁለተኛው ጉድለት ደረሰኙ ስለ ብሩ እንጂ ስለ ቀሚሱ አለመናገሩ ነው። በካርቦን ሁለት ቅጂ የሚወጣ የትዕዛዝ ጥራዝ አሳትሙ፤ አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ከጨርቁ ጋር የሚታሰር። ልኬቱ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ማን እንደለካም ይጠቀስ፤ ደንበኛዋ ቤቷ ተለክታ በስልክ ከላከችው «ልኬት ከደንበኛ» ተብሎ ይመዝገብ። ጥለቱ «ሰማያዊ» ተብሎ ብቻ አይበቃም፤ ሰማያዊ ስንት ዓይነት አለና። ለናሙናዎቻችሁ ቁጥር ስጡና ቁጥሩን ጻፉ፣ ወይም የክሩን ቁራጭ ወረቀቱ ላይ በስቴፕለር ምቱት። ጠቅላላ ዋጋ፣ የተከፈለና ቀሪው በአኃዝም በፊደልም ይስፈሩ።

«ለፋሲካ ይደርሳል» የጠብ ዋና ምንጭ ነው። ለእናንተ ቅዳሜ ማታ ማለት ነው፤ ለደንበኛዋ ግን አስተካክላ የምትለብስበት ጊዜ የተረፈው ማለት ነው። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ፣ «ልክ መሞከሪያ መጋቢት 24፤ ርክክብ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ከቀኑ 10 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ቀጥሎም፦ «በመሞከሪያው ቀን የሚታዩ የልክ ማስተካከያዎች በነፃ፤ ጥለት ከተሠራ በኋላ ንድፍ መለወጥ ተጨማሪ ያስከፍላል።» ደንበኛዋ ከሥሩ ትፈርም። ለመፈረም ስታመነታ ካያችሁ ያልገባት ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔውኑ ጠይቋት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ዳቦ ቆሎ አሽገን ዋሽንግተን ላለ ሱቅ እንልካለን። ባለሱቁ «ደንበኞች ጊዜው ያለፈበት ነው እያሉ ይመልሱታል» አለን። ዕቃው ግን ትኩስ ነው።

መልስ፦ እሽጉ ላይ ያለው ቀን «05/2018» ተብሎ የተጻፈ መሰለን። እዚያ የሚያነበው ሰው ከዓመታት በፊት የተበላሸ ምግብ ያየ ይመስለዋል። ሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን፣ ወሩን በቃል ጻፉ፦ «የተመረተበት፦ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. / ጃንዋሪ 23፣ 2026 እ.ኤ.አ.» የጎርጎርዮሱን ቀን እዚያ ለሚያነበው ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል አትሙት። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ሌላም ችግር አለው፤ አሜሪካ ወሩ ይቀድማል፣ እዚህ ቀኑ። ማብቂያውንም «6 ወር ይቆያል» አትበሉ፤ ገዢውን ሂሳብ ያስሠራል፣ በማን አቆጣጠር እንደሚሠራም አይታወቅም። ማብቂያውም እንደ ምርት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይታተም።

የስልክ ሰዓታችሁ እሽጉ ላይ ካለ እሱንም አርሙት። «ከ3 እስከ 11 ሰዓት ይደውሉ» የሚለውን ዋሽንግተን ያለ ሰው 3 PM፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ብሎ ያነበዋል፤ ያኔ እናንተ ዘንድ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው።